«ሰክሮ ተያዘ» ካልን በኋላስ?

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጠጥቶ መኪና በመንዳት የተከሰሰ ሰው ተከላካይ ጠበቃ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በሕግ በኩል መልሱ አያከራክርም፤ ይገባዋል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠርና በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ልባችን ነው። ለሌባ እንኳ «ቸግሮት ይሆናል» እንላለን። በጠብ ሰው ላቆሰለ «ምን ቢያናድዱት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ጠጥቶ ነዳ የተባለ ሰው ሲሆን ግን ጥያቄ የለም። የያዘው ፖሊስ የጻፈው ወረቀት ለእኛ እንደ ፍርድ ይሆናል።

ይህን ርዕስ ክፍል ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር የሚገጥመኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ጠጣ፣ ነዳ፣ ተያዘ። ምኑን ነው የሚከላከለው?» ይሉኛል። እውነቴን ነው፣ አባባሉ ለጆሮ ደስ ይላል። ለዜና ርዕስም ይመቻል። ነገር ግን አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። እንደ እኔ እምነት ከሦስቱ ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥያቄ ተሸክመዋል። ጠበቃ የሚያስፈልገው እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ነው፤ ጋዜጠኛም የሚያስፈልገው መልሱን ጠብቆ ለመጻፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ማስረጃዬ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ቦታ ሩቅ ነው። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ካውንቲ የሚባል አለ። በአማርኛ «የሐይቅ አውራጃ» ብንለው አይከፋም። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በተራሮች መካከል የሚገኝ ገጠር ነው። መሐሉ ላይ ክሊር ሌክ የተባለው ሐይቅ ተንጣሏል፤ ስፋቱ 176 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጠገቡ ኮኖክታይ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ የማነሳው እ.ኤ.አ. ነው) የካውንቲው ሕዝብ 68 ሺህ ገደማ ነበር። በሕግ ከተማ ተብለው የተቋቋሙት ሌክፖርትና ክሊርሌክ ብቻ ናቸው። ዋና ከተማው ሌክፖርት ነው።

ለምን ይህን ሩቅ አገር መረጥኩ? ምክንያቱም በትንሽ ቦታ ነገር ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ሰው ወደ ሐይቁ የሚመጣው ሊዝናና ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጀልባ ይነዳል፣ ቢራውንም ይጠጣል። ማታ ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ታክሲም እንደ ትልቅ ከተማ እጅ ሲያወጡ የሚቆም አይደለም። (ይህ ጠጥቶ ለመንዳት ሰበብ እንደማይሆን ግልጽ ነው።) በሌላ በኩል የካውንቲው ሸሪፍም ሆነ ዐቃቤ ሕጉ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ ናቸው። በጁሪነት የሚቀመጡት አሥራ ሁለት ሰዎችም ከዚያው ሕዝብ ይወጣሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሳሹ፣ ያሳሪው ባልደረባ፣ ምስክሩና ጋዜጠኛው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። መተዋወቅ ደግ ነገር ነው። ለተከሳሽ ግን ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ቃላት እንመለስ።

የመጀመሪያው ቃል «ጠጣ» የሚለው ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሹፌር ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መንዳት ነው። ሁለተኛው በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ይዞ መንዳት ነው፤ በሌላ አነጋገር በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.08 ግራም ማለት ነው። ሁለተኛው ክስ እርግጠኛ ይመስላል፤ ቁጥር ነዋ! ቁጥር ደግሞ አይዋሽም እንላለን። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የሚያወጣው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን የሚይዘውም ሰው ነው።

ለዚህ ነው የግዛቲቱ ደንብ ዝርዝር ነገር የሚያዝዘው። የትንፋሽ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ተመርማሪው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ በዓይን መጠበቅ አለበት። በዚያ ጊዜ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ የለበትም፤ ካስመለሰው ወይም ካገሳውና መጠጡ ወደ አፉ ከተመለሰ ምርመራው ይበላሻል። ለምን ቢባል፣ አፍ ውስጥ የቀረ መጠጥ ከሳንባ የመጣ መስሎ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ምርመራው ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከ0.02 በላይ መራራቅ የለባቸውም። መሣሪያው ራሱ በየ10 ቀኑ ወይም በየ150 ምርመራው፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ትክክለኛነቱ ይፈተሻል። ደም ከተወሰደ ደግሞ የተረፈው ናሙና ለአንድ ዓመት ይቀመጣል፤ ተከሳሹ በራሱ ባለሙያ ማስመርመር እንዲችል ነው።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። አልኮል ጨጓራ እንደገባ ወዲያው ደም ውስጥ አይደርስም። ሰውየው ምን እንደበላና እንዴት እንደጠጣ እየታየ ጣሪያው ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው በነዳበት ሰዓት ስንት ነበር ብሎ ነው። በእርግጥ ምርመራው በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተደረገ ሲነዳም እንደዚያው ነበር ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት ግን በማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ነው። በገጠር ካውንቲ መንገዱ ረዥም፣ ጣቢያውም ሩቅ ስለሚሆን በመያዝና በመመርመር መካከል ያለው ጊዜ ተራ ነገር አይደለም። ከምግብ ቤት ወጥቶ አሥር ደቂቃ ሳይነዳ የተያዘ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 0.09 ቢመጣበት፣ ሲነዳ ስንት እንደነበር መጠየቅ ማጭበርበር ነው እንዴ? አይደለም። ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ነዳ» ይላል። ይህ እንኳ የማያከራክር ይመስላል። ነገር ግን የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 በሰጠው ውሳኔ «መንዳት» ለማለት ተሽከርካሪው በሰውየው ፈቃድ ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀሱ መረጋገጥ አለበት ብሏል። ሌሎች ግዛቶች በዚህ ነጥብ ላይ ይለያያሉ፤ መኪናውን በቁጥጥር ሥር ማድረግ ብቻ የሚበቃቸው አሉ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ካመሸ በኋላ «አይ፣ ዛሬስ አልነዳም» ብሎ መኪናው ውስጥ ተኛ እንበል። ፖሊስ መስኮቱን አንኳኩቶ ቀሰቀሰው። ይህ ሰው ያደረገው እኮ እኛ ሁላችን አድርግ የምንለውን ነው። እርግጥ ነው፣ ከመተኛቱ በፊት ነድቶ መምጣቱን በሌላ ማስረጃ ማሳየት ይቻላል። ያንን የማስረዳቱ ሸክም ግን የዐቃቤ ሕግ ነው።

ሦስተኛው ቃል «ተያዘ» ነው። ፖሊስ መኪና ለማስቆም በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። መንገድ ዘግቶ ሁሉንም መፈተሽ ይችላል ወይ? በካሊፎርኒያ ከ1987 ውሳኔ ወዲህ ይችላል፤ ነገር ግን ቦታውን አለቆች መወሰን አለባቸው፣ የትኛው መኪና እንደሚቆምም አስቀድሞ በታወቀ ቀመር ነው እንጂ መንገድ ላይ በቆመው ፖሊስ ፊት ማየት አይደለም። ቀጥሎ ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ፣ በአንድ እግሩ እንዲቆም፣ በዓይኑ ብዕር እንዲከተል ይጠየቃል። ጠጠር በሞላበት የመንገድ ዳር፣ በጨለማ፣ ጉልበቱን የሚያመው የስድሳ ዓመት ሰው በአንድ እግር ቢወላገድ ስካር ነው ወይስ ዕድሜ? ይህ ፈተና በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው። ዕድሜው ከ21 በላይ ለሆነና ቀድሞ በዚህ ጥፋት ገደብ ለሌለበት ሰው፣ ከመታሰሩ በፊት መንገድ ላይ የሚቀርብለት ትንሹ የትንፋሽ መመርመሪያም እንደዚያው ነው። በሕጋዊ መንገድ ከታሰረ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ግን ግዴታ ነው፤ እምቢ ካለ መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እንደወሰነው ደግሞ ከታሰረ ሰው ትንፋሽ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መውሰድ ይቻላል፤ ደም ግን እንደ ትንፋሽ በመታሰሩ ብቻ አይወሰድም፣ በመደበኛው ትእዛዝ ወይም ፈቃድ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ክሱ የሚሄደው በሁለት በር ነው። አንደኛው ፍርድ ቤቱ ነው። ሁለተኛው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሹፌሩ ሲታሰር መንጃ ፈቃዱ ይወሰድና ለ30 ቀን የሚያገለግል ወረቀት ይሰጠዋል። በ10 ቀን ውስጥ «ልሰማ» ብሎ ካላመለከተ ፈቃዱ ያለ ክርክር ይታገዳል። ፍርድ ቤቱን ብቻ እየጠበቀ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛው በር ተዘግቶበት ያገኘዋል። ባለ መኪና ብቻ በሚኖርበት ገጠር መንጃ ፈቃድ ማጣት ሥራ ማጣት ነው። ጠበቃ ከመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለድሃው ጠበቃ የሚቆምለት ከ1963ቱ የጊዲዮን ውሳኔ ጀምሮ ነው። ያ ውሳኔ በከባድ ወንጀል ለተከሰሱ ነበር፤ በ1972 ደግሞ እስር ለሚያስከትል ቀላል ወንጀልም ተዘርግቷል።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ጉዳዩ የመኪና ሳይሆን የጀልባ ነው፤ ሆኖም የካሊፎርኒያ ሕግ ለመዝናኛ ጀልባም ያው 0.08ን ነው የሚያስቀምጠው። ኤፕሪል 29 ቀን 2006 ማታ በክሊር ሌክ ላይ አንዲት የሸራ ጀልባ በጨለማ በዝግታ ትሄዳለች። ከኋላዋ በፍጥነት የመጣ ሞተር ጀልባ ወጣባት። የሸራ ጀልባዋ ላይ ከነበሩት አንዲት ሴት ክፉኛ ተጎድታ ከቀናት በኋላ ሞተች። ሞተር ጀልባውን ይነዳ የነበረው ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ የካውንቲው ሸሪፍ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ መኮንን ነው። በሸራ ጀልባዋ መሪ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የጀልባዋ ባለቤት እንኳ ያልሆነ እንግዳ ነበር። ደሙ ሲመረመር 0.12 ተገኘበት። የመኮንኑ ምርመራ አልኮል አላሳየም።

ማን ተከሰሰ? መሪ ላይ የተቀመጠው ሰውየ። መኮንኑ አልተከሰሰም። የዐቃቤ ሕጉ አቋም የሸራ ጀልባዋ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ መሪውን የያዘውም ሰክሮ ነበር የሚል ነው። ተከሳሹ በመጀመሪያ ሰው በመግደል ጭምር ተከሶ ነበር፤ ይህኛው ክስ ፍርድ ላይ ሳይደርስ ቀረ። በክሱ ላይ የቀረው ጠጥቶ ጀልባ በመምራት ከባድ ጉዳት ማድረስ የሚለው ሆነ።

እዚህ ላይ በእኛ ባለ ሦስት ቃል ዜና ብንጽፈው ኖሮ ምን ይወጣ ነበር? «ሰክሮ ጀልባ የነዳ ሰው ሴት ገደለ።» ጠጥቷል? አዎ። መሪ ይዟል? አዎ። ተይዟል? አዎ። ሁሉም እውነት ነው፤ ዜናው ግን እውነት አይደለም። ምክንያቱም ሴትየዋን የገደላት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ አልተነካም። ከኋላ ለሚመጣ ጀልባ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር አይቶ መቆም በሚችልበት ፍጥነት መሄድ ግዴታው አይደለም ወይ? መብራቱ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር ወይ? ተከላካዮቹ መብራቱን በርቶ አየን የሚሉ ምስክሮች አቀረቡ። መሪ የያዘው ሰው አንድ ጠብታ ባይጠጣስ ኖሮ በዝግታ የምትሄድ የሸራ ጀልባ ከዚያ ፍጥነት ታመልጥ ነበር ወይ?

ነገሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። በኦገስት 2009 አሥራ ሁለቱ የካውንቲው ነዋሪዎች ተከሳሹን ከከባዱ ክስ ነጻ አሉት። ጠጥቶ መምራት በሚለው በቀላሉ ክስ ላይ ግን በሙሉ ድምፅ አልተስማሙም። በ2010 በተደረገው ምርጫ ሸሪፉም ዐቃቤ ሕጉም ወንበራቸውን አጡ። መራጭ በብዙ ምክንያት ይመርጣልና ሁሉንም ከዚህ ጉዳይ ጋር አላያይዘውም። ደግሞም ልብ በሉልኝ፣ መኮንኑን ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። እሱም ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ እኔም ዳኛ አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። ከሁለት መሪዎች አንዱ መጠጥ ስለሸተተ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይባላል። የሕግ ሰው ራሱ የጉዳዩ አካል ሲሆን፣ ነገሩን ገልብጦ የሚያይ የተከሳሹ ጠበቃ ነው የሚቀረው።

ለእኛ ሙያ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጉዳዩ በካውንቲው ውስጥ ተድበስብሶ እንዳይቀር ካደረጉት አንዱ «ላቲቲዩድ 38» የተባለ፣ የሸራ ጀልባ ወዳጆች የሚያነቡት መጽሔት ነው። ትልቅ የፖለቲካ ጋዜጣ አይደለም። ስለ ነፋስና ስለ ሸራ የሚጽፍ መጽሔት ነው። ነገር ግን የሙያው አንባቢዎች ስለነበሩት «ይህ ነገር በጀልባ አካሄድ እንዴት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ቻለ፤ ሳይሰለችም ተከታተለው። ትንሽ ኅትመት ምን ይሠራል ለምንል ለእኛ ለቡለቲን ጸሐፊዎች ትምህርት ነው።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ሐሳብ በሚገባው ክብር ላቅርብ። እነሱ የሚሉት «አንተ ስለ ጥቂት ስህተት ስታወራ ሰው እያለቀ ነው» ነው። እውነታቸውን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ብቻ ጠጥተው በሚነዱ ሹፌሮች አደጋ የሞቱት 13,524 ናቸው። ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወመው ትልቁ የእናቶች ማኅበር በ1980 የተመሠረተው እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ መሥራቿ የ13 ዓመት ልጇን የገደለባት ሹፌር ቀደም ሲልም በዚሁ ጥፋት ተደጋግሞ የተያዘ ነበር። ለእንዲህ ያለች እናት ስለ 15 ደቂቃና ስለ መሣሪያ ፍተሻ ማውራት ያሳፍራል። ጠበቃ በቀዳዳ የሚያሾልከው ሰው ነገ የሌላ ሰው ልጅ ይገድላል የሚለው ፍርሃት ባዶ ፍርሃት አይደለም።

መልሴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሕጉ እንዲህ ለስላሳ አይደለም። በካሊፎርኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል፤ መነሻ ቅጣቱ ከ390 እስከ 1 ሺህ ዶላር ቢሆንም ልዩ ልዩ ክፍያ ሲጨመርበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ገደብ፣ ትምህርትና የመንጃ ፈቃድ እገዳም አለ። ጥፋቱ ለ10 ዓመት ይቆጠርበታል። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ አደጋውን እያወቀ ጠጥቶ ነድቶ ሰው የገደለ ሹፌር በነፍስ ግድያ ጭምር ሊከሰስ ይችላል። ቅጣቱ እንዲህ ሲከብድ ማስረጃውም አብሮ መክበድ አለበት።

ሁለተኛ፣ «ቀዳዳ» የምንለው ነገር ሁሉ ቀዳዳ አይደለም። የ15 ደቂቃውን ጥበቃ የጻፈው የሰካራም ጠበቃ አይደለም፤ መሣሪያው የሚያወጣው ቁጥር እንዲታመን የፈለገ የግዛቲቱ ደንብ ነው። ወርቅ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑን ካላስፈተሸ ሸማቹም ሻጩም እኩል ይጎዳሉ። ፖሊስ ደንቡን ጠብቆ ከሠራ ጠበቃው የሚይዘው ነገር የለውም፤ ጥፋተኛውም ይቀጣል። ጠያቂ ጠበቃ ባለበት አገር ጠንቃቃ ፖሊስ ይበዛል ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውም ክስ ቢሆን በትልቅ ክርክር አያልቅም። ጠበቃው ማስረጃውን ያይና «ወንድሜ፣ ይህ ጠንካራ ነው» ይለዋል፤ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ወደ ትምህርቱና ወደ ሕክምናው ይሄዳል። ማስረጃው የላላ ከሆነ ደግሞ በድርድር ወደ ቀለለ ክስ ሊወርድ ይችላል። ይህም የመከላከል ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ የተሳሳተ ሰው ሲከሰስ የሚበደለው ተከሳሹ ብቻ አይደለም። የሞተችውም ትበደላለች። የሐይቁን ጉዳይ እንደገና አስቡት። ሟቿ የሚገባት «በምን ሞተች?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ነው። በእጅ የተገኘውን፣ መጠጥ የሸተተውን ሰው በመክሰስ ጥያቄው እንዲዘጋ ቢደረግ ፍትሕ ያገኘች መስሎን እናርፍ ነበር። ስለዚህ የሟች ወገንና የተከሳሽ ጠበቃ ሁልጊዜ ጠላት አይደሉም። አንዳንዴ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ፣ በውጭ ያሉትን ወገኖቻችንን ያስብ። ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩት በታክሲና በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ትልቅ የንግድ ተሽከርካሪ ለሚነዳ ሹፌር ገደቡ 0.08 ሳይሆን 0.04 ነው፤ አንድ ጊዜ ጥፋተኛ ከተባለ የንግድ መንጃ ፈቃዱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያጣል። አገር ቤት ያለችው እናቱ የምትጠብቀው ገንዘብም አብሮ ይቆማል። ዜግነት ለሌለው ደግሞ ፍርድ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ከአገር የማስወጣት አደጋ ካለ ሊነግረው ይገባል። በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት መሠረት እንግሊዝኛ የማይገባው ተከሳሽ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። «ገብቶኛል» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ያልገባውን ወረቀት የሚፈርም ወገናችን ይህን ቢያውቅ ብዙ ነገር ይተርፍለታል። እንግዳ በሆነበት ገጠር ካውንቲ፣ ማንም በማያውቀው ፍርድ ቤት፣ የቀድሞ ሰዎቻችን «በሕግ አምላክ!» ብለው የሚያቆሙትን ዓይነት ነገር የሚልለት ጠበቃው ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለእኛ ለነገ ጋዜጠኞች ያለኝን ሐሳብ ላስፍር። የዚህ ዓይነት ዜና ሲመጣ መተው አለብን አልልም፤ መጻፍ አለብን። ነገር ግን «ሰክሮ ሲነዳ ተያዘ» እና «ጠጥቶ ነድቷል በሚል ተጠርጥሮ ተያዘ» አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ጥቂት ቃል ነው፤ ለተጻፈበት ሰው ግን ልዩነቱ ሥራውና ስሙ ነው። ቁጥር ከተሰጠን መቼ እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ እንጠይቅ። ሌላ ሹፌር ካለ እሱም ተመርምሯል ወይ እንበል። ፖሊስን ከጠቀስን ተከሳሹን ወይም ጠበቃውን ደውለን እንፈልግ፤ ካልተገኙ አለመገኘታቸውን እንጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻውን እንከታተል። መያዙን በፊት ገጽ ያወጣ ጋዜጣ፣ ነጻ መውጣቱን በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ እንኳ ካላወጣው ያ ሰው በከተማው ሰው ዘንድ ዕድሜ ልኩን እንደሰከረ ይኖራል። ፍርድ ቤት ያላለውን ፍርድ የፈረድነው እኛ ነን ማለት ነው።

ጠጥቶ መንዳት ክፉ ነገር ነው። ይህን ለማለት ድፍረት አያስፈልግም፤ ሁሉም ይለዋል። ድፍረት የሚጠይቀው ሁሉም የጠላውን ሰው ፋይል ገልጦ «እስቲ መጀመሪያ ይረጋገጥ» ማለት ነው። ጠበቃው ይህን በፍርድ ቤት ያደርጋል፤ እኛም በጽሑፋችን ብናደርገው የሚነፈገን ነገር የለም። የማይስማማ ካለ የሚቀጥለው ዕትም ክፍት ነውና ብዕሩን ያንሳ፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።